ማቅለልም የሥልጠናው አካል ነው
ስለ ብስክሌት ሥልጠና የወጣው ጽሑፍ «በየሳምንቱ ኪሎ ሜትር ጨምሩ» ብሎ አለፈው፤ መቀነስንም ቢያነሳ ጥሩ ነበር። ብዙ አሠልጣኞች 3 ሳምንት እያከበዱ 4ኛውን ያቀልሉታል፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነውና። ወራት የሚዘልቅ ሥልጠና ለጀመረ ሰው አብዛኛው ጉዞ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ እያወሩ የሚነዱት መሆን አለበት፤ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ይዞ መታገል ጀግንነት የሚመስለው ሰው ሞልቷል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ! ቀለል ባለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር የጉልበትን ጫና ይቀንሳል። ኮርቻውንም እዩት፤ በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ያማል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ትንሽ ታጠፍ ብሎ ይቅር። ጉዞው ከ2 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሳይርባችሁ ብሉ፤ ከራበ በኋላ የበሉት ቶሎ አይደርስም።