ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ኩረጃ

ሰዉ ኩረጃን ሲያማ መስማት ሰልችቶኛል። "ትውልዱ ጠፋ" ይላል። "በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም" ይላል። በእሱ ጊዜ ከማን አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ግን አይናገርም። እስኪ ዛሬ እንኳን አንድ ሰው ለኮራጁ ይቁምለት።

ጠዋት ወደ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ። ሰልፉ አልቋል፣ ባንዲራው ተሰቅሏል፣ የመጀመሪያው ፔሬድ ፊዚክስ ነው። ቲቸር እስኪገባ ቢበዛ ስድስት ደቂቃ አለ። የሰቃይዋ ደብተር መሃል ላይ ተዘርግቷል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ደግሞ ቦታ አጥቶ በጓደኛው ጀርባ ላይ አስደግፎ ይሞነጭራል። አይጣሉ፣ አይጋፉ። ይህን ኅብረት ያየ ሰው በአገሩ ተስፋ አይቆርጥም።

ፊዚክስ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። ፓወር ማለት የተሠራው ሥራ ሲካፈል ለወሰደው ጊዜ ነው። ሰቃይዋ አምስቱን ጥያቄ ማታ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሠራቻቸው። ኮራጁ እነዚያኑ አምስት ጥያቄዎች በስድስት ደቂቃ ጨረሰ። ሥራው እኩል ነው፣ ጊዜው አንድ ሃያኛ። ስለዚህ የአንድ ኮራጅ ፓወር የሃያ ሰቃይ ነው። ካላመናችሁ ሥሩት። ወይም ከሆነ ሰው ገልብጡት።

ጽዳቱስ ቢሉ! "ጊቭን" ይላል፣ ሁለቴ ይሰመርበታል። "ሪኳየርድ" ይላል፣ ይሰመርበታል። "ሶሉሽን" ይላል፣ እሱማ በቀይ ነው። መልሱ በሳጥን ይከበባል። በሳጥን የተከበበ መልስ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ5 ሰከንድ ቆመ እንበል። ስንት ሜትር ሄዶ ቆመ? መጀመሪያ 72ን ለ3.6 አካፍሎ በሰከንድ 20 ሜትር ማድረግ ነው። ከ20 ተነስቶ ዜሮ ከገባ አማካዩ 10 ነው፤ በ5 ሲባዛ 50 ሜትር። ሰቃይዋም ሰው ናትና ማታ እንቅልፍ ጣላት፣ መቀየሩን ረሳችው። የ72 ግማሽ 36፣ በ5 ሲባዛ 180 ሜትር። ጠዋት ላይ ስልሳ ደብተር ውስጥ 180 ሜትር፣ በሳጥን ተከቦ። ቁስ አይፈጠርም አይጠፋም የሚለውን የላቮዚዬን ሕግ ሁላችንም ሸምድደናል። ስሕተትም እንደዚያው ነው፤ ከደብተር ወደ ደብተር ሲሻገር አንድ ግራም አይጎድልበትም።

እነዚህ ልጆች ግን ጠዋት በታክሲ ነው የመጡት። "ወራጅ አለ!" ብለው ሹፌሩ ፍሬን ከያዘ በኋላ 180 ሜትር ወስዶ ቢያወርዳቸው ከረዳቱ ጋር የሚፈጠረው ጠብ ይታየኛል። ደብተር ላይ ሲሆን ግን ማንም አይነጫነጭም። የፊዚክስ መኪና ሌላ፣ የሰፈር ታክሲ ሌላ። ሁለቱን አለማደባለቅ ብስለት ነው።

ውኃውንም እዩት። መጽሐፉ "በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" ይላል። ሦስተኛው ደብተር ላይ ሲደርስ "በባሕር ጠለል" የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የእናታቸው ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። ለመለካት ቴርሞሜትር ነበረ፣ ላብራቶሪ ውስጥ። ላብራቶሪው ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ዛሬ አልገባም። 100 ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

ኬሚስትሪ ላይ ደግሞ ተአምር ይሠራሉ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ውኃ ሲሆኑ ባላንስ አድርጉ ተባለ። በግራ በኩል ኦክስጅኑ ሁለት ነው፣ በቀኝ አንድ። የዋህ ተማሪ ከፊት ለፊት ቁጥር እያስገባ ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ውኃ እያለ ይለፋል። የእኛ ሰው ከውኃው ኋላ፣ ታች ላይ፣ አንዲት 2 ሸጎጥ አድርጎ ይገላገላል። በግራ ሁለት ሁለት፣ በቀኝም ሁለት ሁለት። ባላንስ ነው! እርግጥ ውኃው ቁስል የሚታጠብበት፣ ጠጉር የሚነጣበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኗል። ቢሆንስ? ማን ሊጠጣው ነው?

ቲቸርም ይመስገኑ። ስልሳ ደብተር ነው። አንዱን በሦስት ደቂቃ ቢያዩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አምስት ክፍል ቢያስተምሩ አሥራ አምስት ሰዓት። በዚያ ደመወዝ! ስለዚህ "ጊቭን" መጻፉን ያያሉ፣ ሳጥኑን ያያሉ፣ ቀይ ራይት ያሳርፋሉ። ወላጅም የበኩሉን ያደርጋል። "የቤት ሥራህን ጨረስክ?" "አዎ።" "ጎበዝ።" አቅም ያለው ደግሞ አስጠኚ ይቀጥራል፤ አስጠኚው ይሠራል፣ ልጁ ይገለብጣል። የቡድን ሥራ ከሆነ እስክሪብቶ እንኳን አያስፈልግም። "ስሜን አስገቢልኝ" ማለት ይበቃል።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከሰፈራቸው አንስተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ፈተኗቸው። ስልክ የለም፣ የሰቃይዋ ደብተር የለም። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ ከዚያ 5.4። አገር ጉድ አለ። ምን ይደንቃል? ሕዝብ አንድ ላይ ሲሆን ኃያል ነው፤ ለያይተው ሲፈትኑት እንዲህ ይሆናል። ሲኮርጁ ስንት ያመጡ እንደነበር ማስታወስ ያባት ነው።

ለማንኛውም ነገ ኬሚስትሪ አለ፣ ሞላሪቲ ነው። ሰቃይዋን ጉንፋን ይዟታል አሉ። እግዜር ይማራት፤ ካልማራት አብሯት የሚታመመው ስልሳ ሰው ነው።