ለቀለም ማን ይቆማል?

ሰሞኑን አንድ የከተማችን ኃላፊ፣ ከዜብራ ውጭ የሚሻገር እግረኛ እዚያው በቆመበት እንደሚቀጣ ሲናገሩ ሰማሁ። ምክንያታቸው የእግረኛው የግንዛቤ ማነስ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ግንዛቤ! በአዳማ በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና እንደሚገድል አያውቅም ልንባል ነው? ከጂቡቲ መስመር የመጣ ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዋን የሚገፍባት ሴት በየትኛው የሥልጠና አዳራሽ ተቀምጣ ምን ልትማር ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ ያየሁትን ልናገር። አንዲት እናት በአንድ እጃቸው የቲማቲምና የሽንኩርት ፌስታል፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ዜብራው ጋ ቆመዋል። ዜብራ መባሉም ለወጉ ነው፤ ቀለሙ ለቆ ከአስፋልቱ ጋር ተመሳስሏል። ባጃጁ አለፈ። ሚኒባሱ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሲኖትራኩ ፍሬን የመያዝ ሐሳብም አልነበረው። እናትየዋ አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ይመልሳሉ፤ እንደገና ያሳርፋሉ፣ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ዜብራውን ትተው ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ታች ወረዱና የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ጋ ሲደርሱ ተሻገሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሻገረው እዚያው ነው። በአዲሱ ቅጣት ታዲያ ጥፋተኛዋ እሳቸው ናቸው!

እኚህ ሴት ግን ኃላፊው ያልገባቸውን ነገር ያውቃሉ። አሽከርካሪያችን ለሰው ነፍስ አይቆምም፤ ለመኪናው ባሌስትራ ግን ይሳሳል። ሕጉ ዜብራ ላይ ቅድሚያውን ለእግረኛ ሰጥቷል። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠቱ የተቀጣ ሹፌር ግን እኔ በዚህ ከተማ በኖርኩበት ዘመን አንድም አላየሁም። የማየው መንጃ ፈቃድና ቦሎ ሲጠየቅ ነው። ጉብታው ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ምሳ አይወጣም፣ አማላጅ አይሰማም፤ ሌሊትም በሥራ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ ሕፃን ማየቱን ተረድቶ እግሩን ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ እስኪያዞር ያቺ ሰከንድ አለፈች፤ ፍሬኑ ገና መያዝ አልጀመረም። በ30 ቢነዳ ኖሮ በዚያችው ሰከንድ የሚሄደው 8 ሜትር ብቻ ነበር። እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚወተውተውም ለዚሁ ነው። ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የእግረኛው ግንዛቤ የትኛው ቁጥር ነው?

እኛ ደግሞ የፈጣኑ መንገድ ጎረቤት ነን። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሽምጥ ሲጋልብ የመጣ ሹፌር የክፍያ ጣቢያውን አልፎ ከተማ ሲገባ እግሩ ገና አልበረደም። ያንን መንገድ ስንሠራ እግረኛ እንዳይገባበት ዳር ዳሩን አጥረንለታል። መኪናውን ከሰው መጠበቅ ሲሆን አጥር ይመጣል፤ ሰውን ከመኪና መጠበቅ ሲሆን ግን ደረሰኝ።

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ደስ ይላሉ፤ አልክድም። ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ግን የእግረኛው መንገድ የአሸዋ ክምር፣ የሱቅ ዕቃ መደርደሪያና የባጃጅ ማቆሚያ ነው። ሰውየው አስፋልቱ ላይ የወረደው ወዶ ይመስላችኋል?

«በሠለጠነው ዓለም እግረኛም ይቀጣል» የሚሉም አልጠፉም። ይቀጣ ይሆናል። እዚያ ግን ሰው ዜብራ ላይ እግሩን ሲያነሳ መኪናው ቀጥ ይላል። መጀመሪያ እሱን አምጡና ከዚያ ቅጡን።

እኔ የምጠይቀው ድልድይ አይደለም፤ ባቡርም አይደለም። ዜብራውን ከጉብታው አናት ላይ ቀቡት። ጉብታውን ጠፍጠፍና ሰፋ አድርጎ ማቋረጫ ማድረግ የመንገድ መሐንዲሶቻችሁ የሚያውቁት ሥራ ነው፤ የሚፈጀውም ጥቂት አስፋልትና አንድ ሁለት ባልዲ ቀለም ነው። የለም፣ ቅጣቱ ይቅደም ካላችሁ፣ እናትየዋን ቅዳሜ ጠዋት ጉብታው ጋ ታገኟቸዋላችሁ። ደረሰኙን የሚቀበል እጅ ግን የላቸውም፤ በአንዱ ፌስታል፣ በአንዱ ልጅ ይዘዋል።