ጉርሻው ይደገም

እህቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ምሳ ቤት ስትከፍት ለቤተሰቡ ሥራ አከፋፈለች። ለእማዬ ወጥ፣ ለታናሽ ወንድሜ ሽንኩርት፣ ለእኔ ፎቶ። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ሽንኩርት ስከትፍ ያየኝ ሰው ሁሉ ደግሞ «ተው አንተ ስልክህን ነካካ» ነው የሚለኝ።

«ቴሌግራም ላይ ያየው ሰው ምራቁን የሚውጥበት ፎቶ አንሳልኝ» አለችኝ። ቀላል መሰለኝ። ምግብ ዓይኑን አይጨፍንም፣ አይነቃነቅም፣ «ወፍሬ ወጣሁ፣ አጥፋው» አይልም።

ሁለት ሌሊት ቪዲዮ ሳይ አደርኩና ባለሙያ ሆንኩ። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ወጡ ላይ ያለውን ቅባት እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል፣ ጥላ የሚባል ነገር ያጠፋና ምግቡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ብርሃን በመስኮት፣ ከጎን ይግባ። ከወዲያኛው በኩል ነጭ ወረቀት ይቁም፣ ብርሃኑን እንዲመልሰው። ሰሃኑ አበባም ዶሮም ያልተሳለበት ይሁን። ለዚህ ስል ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርጄ ጥቁር ልሙጥ ሰሃን ገዛሁ። ሻጩ «ለስንት ሰው ነው?» ሲለኝ «ማንም አይበላበትም፣ ለፎቶ ነው» አልኩት። ዋጋውን የጨመረብኝ ያኔ ይመስለኛል።

መስኮት መስኮት የሚሉት የቪዲዮ ሰዎች ግን ድሬን አያውቋትም። እዚህ መስኮት ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የሚዘጋ ነገር ነው። ፀሐይዋ ምግብ ላይ ስታርፍ ግማሹን ታነጣዋለች፣ ግማሹን ከሰል ታስመስለዋለች። ስለዚህ ዶሮ ወጡን ይዤ ግቢው ውስጥ ሸራው ሥር ገባሁ። እውነትም ብርሃኑ ለሰለሰ። ችግሩ ሸራው ሰማያዊ ነው። እንጀራው ውሃ ሰማያዊ ሆነ፣ ወጡ ወይን ጠጅ። እህቴ ስልኩን ተቀብላ ትንሽ አየችውና «ዶሮዋን ማን ነው እንዲህ የደበደባት?» አለች። ዋይት ባላንስ የሚሉትን የቀለም ማስተካከያ ነካክቼ እንጀራውን በመከራ ነጭ ሳደርገው ከሸራው ውጭ ያለው ሰፈር በሙሉ ብርቱካን ሆነ።

ወደ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ተዛወርን። እዚያ ደግሞ ቬንትሌተሩ አለ። እንጀራ ድሬ ላይ ቬንትሌተር ሥር ሲቀመጥ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ትኩረት እያስተካከልኩ ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ታጠፈ፣ ቀስ እያለም ወጡን እንደ ሽማግሌ ጋቢ ሊከናነብ ቃጣው። ቬንትሌተሩን ባጠፋው ምሳ የሚበላ አንድ ባለ ባጃጅ «አቦ፣ እኛንም አብረህ ልትጠብሰን ነው?» ብሎ ጮኸ። አበራሁት።

ሳምቡሳና የተደራረበ ፈጢራ ከጎን ይነሳል፣ ቁመት አለውና። እንጀራ ቁመት የለውም፤ ከላይ፣ ቀጥ ብሎ ነው መነሳት ያለበት። ስለዚህ ወንበር ላይ ወጣሁ። የጎረቤት እናት በበሩ አንገታቸውን አስግገው «አምፖል መቀየርህ ከሆነ ልጄ፣ ስትጨርስ የእኛም ተቃጥሏል» አሉኝ። ቀየርኩላቸው። እስክመለስ ሽሮው ፊቱ ላይ ቆዳ ሠርቶ ጠበቀኝ።

ፎቶው ውስጥ የሰው እጅ ቢኖር ሕይወት ይሰጠዋል ይላሉ። የእኛ አገር የምግብ እጅ ደግሞ ጉርሻ ነው፤ አጎቴን አስቀምጠን እህቴ አጎረሰችው። የመጀመሪያው ብዥ አለ። «ጉርሻው ይደገም!» ሁለተኛው ላይ አጎቴ አፉን ከፍቶ ካሜራውን አየ። ሦስተኛው ላይ ዝንብ ገባች። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል፤ ስለ ሰባተኛው ተረቱ ዝም ብሏል። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው ምሳ ሳያዝ ጠግቦ፣ ሒሳብ ሳይከፍል ይወጣል።

የእማዬ ቅሬታ ሌላ ነው። ልጅ ሆነን ያልታሰበ ኮቴ ደጃፍ ላይ ሲሰማ መጀመሪያ የምታደርገው ወጡን መክደን ነበር፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው ክዳኑ ተነስቶ «በሞቴ ብላ» የሚጀመረው።

«ለስንት ሰው ነው የምታሳየው?» አለችኝ።

«አራት መቶ ግድም።»

አማተበችና ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሳ ሰሃኑ ዳር አኖረችው፣ ለቡዳ። አረንጓዴው አጠገቡ ሲሆን ቀዩ ወጥ ይብስ ቀላ። የሁለት ሌሊት ቪዲዮ ያልነገረኝን እማዬ በአንድ ቅጠል ጨረሰችው።

«እንፋሎቱስ?» አለች እህቴ፤ አንድ ነገር ደህና ሲሆን ሌላ ትጠይቃለች። እንፋሎት የሚታየው ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ነው፤ የድሬ የቀን አየር ደግሞ ከወጡ ብዙም አያንስም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ ስለዚህ ትቀዘቅዛለች። ወጡን በፔርሙዝ፣ ሰሃኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደንገጎ ላይ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ፔርሙዙ ይተነፍሳል፣ ከኋላ ያሉትም «ማነው ሰርግ የሚሄደው?» ይላሉ።

ሐረር ከዘመዶቻችን ቤት ስደርስ ራምቦ ትዝ አለኝ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ እዚሁ ሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ፣ በ1883 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ራሱን በራሱ አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ። አንዱን ሰገነት ላይ፣ አንዱን ቡና መካከል፣ አንዱን ሙዝ መካከል እጁን አጣምሮ። በቡናና በሙዝ ተከቦ ያነሳው ራሱን ነው! ፎቶዎቹ ነጥተው ሲወጡበትም «ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ሆኖ ነው» ብሎ ጻፈ። አንጀቴን በላው። እኔም ስልኩን፣ ሸራውንና ዝንቧን ስወነጅል ነው የከረምኩት።

ማታ፣ በሩ ከወጡ ኋላ በጎን እንዲሆን አድርጌ፣ ጨለማ ግድግዳ ፊት ወጡን ገለበጥኩት። በበሩ የገባው የግቢው መብራት እንፋሎቱን ከጀርባ መታው፤ እንደ ዕጣን ጢስ ተጠምዝዞ ወጣ። ጤና አዳሙ ቦታው ላይ ነው። አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ እኔም ምራቄን ዋጥኩ።

በነጋታው ተለጠፈ። እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ሰው ደወለ፣ እህቴ ስፒከር ላይ አድርጋ ነው የምታነሳው። የመጀመሪያዋ «ጥቁሩ ሰሃን ስንት ነው?» አለች። ሁለተኛው «ሰሃኑ ጎድጓዳም አለው?» ሦስተኛዋ ስድስት ፈለገች፣ መላኪያ እንዳለንም ጠየቀች።

እህቴ ስልኩን ዘጋችና ማማሰያዋን አስቀምጣ ዞረችብኝ።

«አንተ፣ ታይዋን ስንት ነበር የገዛኸው?»