ሺቫና ቪሽኑ በአንድ ጣሪያ ስር

ሜሪላንድ ላንሃም ውስጥ ሽሪ ሺቫ ቪሽኑ የሚባል ትልቅ የሂንዱ መቅደስ አለ። የእኛ ሰው ከሞላበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። አንድ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ወስዶ ካሳየኝ ጀምሮ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የእነሱን እምነት ላስተዋውቅ አይደለም። የሚቆጨኝ የእኛ ጉዳይ ነው።

ሺቫና ቪሽኑ ሁለት ትልልቅ የሂንዱ አማልክት ናቸው። ደቡብ ህንድ ውስጥ በአብዛኛው ሺቫ የራሱ መቅደስ አለው፣ ቪሽኑም የራሱ። ሥርዓታቸው ይለያያል፤ ግንባራቸው ላይ የሚቀቡት ምልክት እንኳን የአንዱ አግድም፣ የሌላው ቁልቁል ነው። ላንሃም ላይ ግን ሁለቱ አንድ ጣሪያ ስር ገብተዋል። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ፣ ታሚሎች የሚወዱት ሙሩጋን፣ የኬረላ ሰዎች የሚሳሉለት አያፓ፣ ዱርጋ፣ ሃኑማን፣ ሁሉም የየራሳቸው ማደሪያ አላቸው። ከተለያየ ክልል የመጣ፣ በአፍ መፍቻው የማይግባባ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ አብሮ ይዞራል።

የአምላካቸውን ምስል ሲያጥቡት ቆሜ አየሁ። ካህኑ ወተት፣ እርጎ፣ ማር እያከታተለ ያፈስበታል። ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል፤ ውስጥ ሐርና አበባ ያለብሱታል። መጋረጃው ተከፍቶ መብራቱ ከፍ ሲል ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። በኋላ ካህኑ በትንሽ ማንኪያ መዳፋቸው ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋል፤ ይጠጡና የተረፈውን አናታቸው ላይ ያብሱታል። እናቴ ጠበል ቀምሳ እንደምታደርገው!

በዓል ሲሆን ዋናው የድንጋይ ምስል ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚወጣው ትንሹ የነሐስ ምስል ነው፣ ተሸልሞ፣ በሰው ትከሻ፣ በከበሮና በመለከት። ጃን ሜዳ ትዝ ቢለኝ ማን ይፈርድብኛል? ናቫራትሪ የሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓላቸው ደግሞ የሚውለው በእኛ መስቀል ሰሞን አካባቢ ነው። በሺቫራትሪ፣ ማለትም በሺቫ ሌሊት፣ እንደ ማኅሌት ሌሊቱን ቆመው ያነጋሉ።

አሁን ወደ እኛ። አገር ቤት አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደባል ታቦት መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ ገብርኤል ከማርያም ጋር አብሮ ያድራል። ውጭ አገር ስንመጣ ግን ቦርዱ ይጣላል፣ ግማሹ ወጥቶ አዳራሽ ይከራያል፣ ከዓመት በኋላ ያም ይከፈላል። በሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶስ ሲታረቁ ያለቀስነው ይሄ ሁሉ ያበቃል ብለን ነበር። ሰነዱ ተፈረመ፤ እኛ ሰፈር ያሉት አጥቢያዎች ግን ዛሬም ቡና አብረው አይጠጡም። በመሃል የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው። አንዱ ጋ መምህር አለ፣ ቦታ የለም። ሌላው ጋ ቦታ አለ፣ መምህር የለም።

በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ውህደት ይቅር፣ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። የልጆቹን የቅዳሜ የአማርኛና የግዕዝ ትምህርት ግን አጥቢያዎቹ አንድ ላይ ይጀምሩት፣ ሰፊው አዳራሽ ባለበት ቦታ፣ የማንም ይሁን።