ከሻይ እረፍት በኋላ ይቀጥላል

ስልጠና ሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰውዬ እግዜር ነፍሱን ይማረው፣ በህይወት ካለም እድሜውን ያርዝምለት። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ስልጠና ያልተሰጠበት ችግር የለም። ችግሩ ተፈታ ወይ ብላችሁ ደግሞ አትነዝንዙኝ፣ ስልጠና ተሰጠበት አልኳችሁ እኮ፣ ፎቶውም ፌስቡክ ላይ አለ።

ሰሞኑን ተራው የተከላካይ ጠበቆች ነበር። እፅ ተገኘባችሁ ተብለው ለተከሰሱና ጠበቃ መቅጠሪያ ለሌላቸው ሰዎች መንግስት ሚያቆምላቸውን ጠበቆች ማለቴ ነው። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጽፌ ምበላ ሰው ነኝ፣ "ባለድርሻ አካል" ተብዬ ተጠራሁ፣ ድርሻዬ ምን እንደሆነ እስካሁን ባላውቅም ምሳው ጥሩ ነበር።

መቼም እንደ ስልጠና ሰዓት አክባሪ የለም። ፕሮግራሙ 2:30 ይላል፣ የክብር እንግዳው 4 ሰዓት ላይ ገቡ፣ "ጊዜያቸውን አጣበው" ተብለው ተመሰገኑ፣ መድረኩ በይፋ መከፈቱን አበሰሩ፣ ሌላ መድረክ ሊከፍቱ ወጡ። ከዛ ሻይ። በዛ ብርድ ትኩስ ሻይና ሳምቡሳ ካገኘህ ፍትህ ሰፍኗል ብትል ማን ይፈርድብሃል?

ከሻይ በኋላ ስላይድ መጣ። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶን አነበበልን፣ ማንበብ ለማይችል ጠበቃ ታስቦ መሆን አለበት፣ እንዲህ ነው አካታችነት። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትህ ሊጓደልበት ሚችል ከሆነ በመንግስት ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል ይላል። ጭብጨባ። ይቆምለታል ነው እንጂ መቼ እንደሚቆምለት አይልም፣ እኛ ጋ ደግሞ ሚቆምለት ኮሪደር ላይ ነው፣ ችሎቱ ሊሰየም ትንሽ ሲቀረው፣ መዝገቡን በአንድ እጁ እየገለጠ በሌላው ስልክ እያነሳ "ስምህ ማነው አንተ?" ብሎ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሚሉት ይሄ ነው፣ እኛ ግን ቅልጥፍና ነው ምንለው።

ቀጥሎ የወንጀል ህጉ። ሶስት ስላይድ ነበር። የ1996ቱ ህግ አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል ሚሆነው ህጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ይላል። ህጋዊውን አነበበ። ግዙፋዊውን አነበበ። ሞራላዊው ላይ፣ ማለትም ሰውዬው አውቆ ነው ወይ ያደረገው ሚለው ላይ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ።

እንግዲህ በእፅ ይዞታ ክስ ላይ ነገሩ ሁሉ ያለው እዛች ያልተነበበችው ስላይድ ላይ ነው። የሚኒባስ ረዳት አለ እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ መንገድ፣ ጣርማ በር ጉሙ ውስጥ መኪናው ለፍተሻ ይቆማል፣ ከኋላ ወንበር ስር ፌስታል ይወጣል፣ ፌስታሉ ውስጥ ጋንጃ ይወጣል። የማነው ሲባል ተሳፋሪው ባንድነት ጣራ ጣራውን ያያል። ረዳቱ በየዋህነት "እቃ ምጭነው እኔ ነኝ" ይላል፣ አለቀ፣ ባለቤት ተገኘ። አሁን ልጁ ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር ወይ? ፌስታሉን ማን አወጣው፣ ማን መዘነው፣ ማን አሸገው፣ ላብራቶሪ የተመረመረው ያው እራሱ ነው ወይ? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህግ አንቀጽ 32 ስለ ብርበራ ሚለው ተጠብቋል ወይ? ፖሊስ ጋ ቃሉን ሲሰጥ ዝም ማለት እንደሚችል የነገረው አለ? ደሞ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 525 እፅ ማምረቱንም ማዘዋወሩንም መጠቀሙንም ባንድ ጣራ ስር ነው ያኖራቸው፣ ልጁ የትኛው ንዑስ አንቀጽ ስር እንደሚወድቅ ሚደረገው ክርክር የልጅነት እድሜው ነው እኮ። ይሄ ሁሉ ግን ዝርዝር ነው፣ ስልጠና ደግሞ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ግንዛቤ ነው ሚፈጥረው። ለረዳቱ በአጭሩ "አምነህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል" ይባላል፣ ሰዓት ይቆጥባል፣ መዝገብ ይዘጋል፣ ሪፖርቱ ላይም የተዘጋ መዝገብ ብዛት ያምራል።

ከሰዓት የቡድን ውይይት ነበር። በቡድን ተከፈልን፣ ወረቀት ተለጠፈ፣ ማርከር ጠፋ፣ ማርከር ተገኘ። ሁሉም ቡድኖች ሳይነጋገሩ አንድ መፍትሄ ላይ ደረሱ፣ ተጨማሪ ስልጠና ይሰጥ። አንዲት ወጣት ጠበቃ ብቻ ተነስታ፣ እኔ እጄ ላይ ያለው መዝገብ ብዛት አንብቤ ማልጨርሰው ነው፣ ደንበኛዬን ሄጄ ማይበት መኪናም ለሱ ሚሆን በጀትም የለኝም፣ የዚህ ባነርና የአዳራሹ ኪራይ ለኛ ትራንስፖርት ቢሆን አለች። አወያዩ በጣም አመሰገናት፣ "እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" አላት። ልጅቷ አላወቀችም እንጂ ግብዓት ተብሎ የተወሰደ ነገር ተመልሶ አይመጣም።

ግን ማርያምን እላችኋለሁ፣ ጠበቆቻችን አይችሉም ሚል ሰው ካለ አመሻሽ ላይ አበል ሲከፈል አላየም። ሂሳብ ሰራተኛዋ ፎርሙን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰውዬ ተነሳ። ይሄ ተቀናሽ በየትኛው መመሪያ ነው? መመሪያው መቼ ወጣ? ማን ፈረመበት? ኦርጅናሉ የታለ? "ባለፈው ግዜ እንዲህ አልተቆረጠም" ስትለው፣ "ባለፈው ያልሽውና አሁን ያልሽው ይጋጫል፣ የትኛውን እንያዝልሽ?" አላት። መስቀለኛ ጥያቄ ማለት ይቺ ናት! ሴትዮዋ ላብ በላብ ሆነች፣ በደብረ ብርሃን ብርድ! ሌላኛው ተቀብሎ ፎርሙ ላይ ያለችውን ስርዝ ድልዝ አሳየ፣ ሶስተኛው የቀኑ አጻጻፍ አይመሳሰልም አለ፣ በመጨረሻ የተቆረጠው ተመለሰ። እንደዚህ ያለ ክርክር ችሎት ውስጥ አይቼ አላውቅም። እዛ እኚሁ ሰውዬ ኤግዚቢቱ ሲቀርብ "አስተያየት የለኝም ክቡር ፍርድ ቤት" ነው ሚሉት፣ ጨዋ ናቸዋ፣ ዳኛ ፊት ማን ድምጹን ከፍ ያደርጋል?

ሰርተፍኬት ተሰጠ። ፎቶ ተነሳን። እኔም "በእፅ ይዞታ ክሶች ውጤታማ ጥብቅና" ሚል ሰርተፍኬት አለኝ፣ ማመልከቻ ምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ሰቅየዋለሁ፣ ገበያዬም ጨምሯል።

መዝጊያው ላይ ቀጣዩ ዙር የት ይሁን ተባለ። እዚህ ብርዱ ከብዶናል፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ሞቅ ይላል ተብሎ በሙሉ ድምጽ ጸደቀ። ያቺ ልጅ ደግማ እጇን አወጣች፣ እንግዲያው ማረሚያ ቤቱም እዛው ነው፣ ከተከራከርንላቸው ሰዎች የተፈረደባቸው አይጠፉም፣ ግማሽ ቀን ገብተን እናናግራቸው አለች። አዳራሹ ትንሽ ዝም አለ። አወያዩ ማስታወሻ ደብተሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ "በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ሞልቷል፣ ደንበኛን ማረሚያ ቤት ሄዶ ስለማናገር ራሱን የቻለ ስልጠና እናዘጋጅለታለን" አለ፣ አጨበጨብን።