የቀድሞ አሠሪ የመድኃኒት ካርድ ዛሬም ይበልጣል?

ኦክቶበር በገባ ቁጥር የአጎቴን ፖስታ ቁጭ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አጎቴ በዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ጊዜ በሱፐርማርኬት ወረቀቶች መካከል አንዲት ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አገኘሁና ስከፍታት፣ «እሷ ማስታወቂያ ናት፤ ጣላት» አሉኝ። ማስታወቂያ ግን አልነበረችም። የቀድሞ አሠሪያቸው ለጡረተኞቹ የሚሰጠው የመድኃኒት ሽፋን ቢያንስ ከፓርት ዲ ጋር፣ ማለትም 65 ዓመት ለሞላቸው ከሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ከሜዲኬር የመድኃኒት ክፍል ጋር የሚስተካከል መሆን አለመሆኑን የምትናገር፣ አሠሪዎች በሕግ ተገደው በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት የሚልኳት ደብዳቤ ነበረች።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ከለቅሶ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲነገር የኖረው ምክር «የካምፓኒ ኢንሹራንስ ካለህ ፓርት ዲን አትንካው» የሚል ነው። ምክሩ ለብዙ ዓመታት ትክክል ነበር። አሁን ግን ሳያሰሉ የሚከተሉት ምክር አይደለም ባይ ነኝ።

ትክክል የነበረበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ የተቋቋመው ፓርት ዲ በጃንዋሪ 2006 ሥራ ሲጀምር፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ክፍተት ነበረበት፤ በመደበኛው ዕቅድ የአንድ ሰው መድኃኒት ጠቅላላ ዋጋ በዓመት 2,250 ዶላር ሲደርስ ሽፋኑ ይቆምና፣ ዋጋው 5,100 ዶላር እስኪሞላ ድረስ ጡረተኛው ሙሉውን ከኪሱ ይከፍል ነበር። ያንን ክፍተት ካለፈም በኋላ ከዋጋው የተወሰነ መቶኛ መክፈሉ ይቀጥላል እንጂ «ከዚህ በላይ አትከፍልም» የሚል ጣሪያ አልነበረውም። በዚያ ዘመን በየወሩ ጥቂት ዶላር ብቻ የምታስከፍል የአሠሪ ካርድ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነበር።

ሚዛኑን የለወጠው በኦገስት 2022 የተፈረመው ሕግ ነው። ከ2023 ጀምሮ በፓርት ዲ የሚሸፈን ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። በ2025 የመሐሉ ክፍተት ጨርሶ ተዘጋ፤ አንድ ሰው ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብም በ2,000 ዶላር ተገደበ፤ ለ2026 ጣሪያው 2,100 ዶላር ነው። በዚሁ በ2026 መጀመሪያ መንግሥት ከአምራቾች ጋር ተደራድሮ ዋጋ የቆረጠላቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር መድኃኒቶች ሥራ ላይ ውለዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ደም የሚያቀጥነው ኤሊኩዊስ፣ ለስኳር የሚሰጡት ጃርዲያንስና ጃኑቪያ ይገኙበታል። የብዙ አባቶችንና እናቶችን የመድኃኒት ሣጥን የከፈተ ሰው እነዚህን ስሞች አያጣቸውም።

በአንጻሩ የአሠሪው ወገን ሲሳሳ ነው የከረመው። በ1988 ለሠራተኞቻቸው የጤና መድን ከሚሰጡ ትልልቅ ድርጅቶች 66 በመቶው ለጡረተኞችም ይሰጡ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። ለጡረተኞች ብቻ የተዘጋጀ የአሠሪ ዕቅድ ደግሞ ከኪስ የሚወጣውን ወጪ በጣሪያ እንዲገድብ በሕግ አይገደድም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 የጡረተኛ ጤና ጥቅም ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ነው ተብሎ እንደማይገመት ወስኗል። የሆቴሉ ካርድ ዛሬ አለ ማለት ለከርሞም ይኖራል ማለት አይደለም።

እንዲህም ሆኖ ካርዱን ወርውሮ ወደ ፓርት ዲ መሮጥ የባሰ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ እኔና አጎቴም ረጅም ጊዜ የፈጀብን እዚህ ላይ ነው። በብዙ አሠሪዎች ዘንድ ጡረተኛው በግሉ ፓርት ዲ ከገባ የመድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የሐኪምና የሆስፒታሉን ሽፋንም ያጣል፤ በእሱ ስም የተሸፈኑት የትዳር ጓደኛና ልጆችም አብረው ይወጣሉ፤ ተመልሶ መግባትም ላይፈቀድ ይችላል። የአጎቴ ባለቤት ገና 63 ዓመታቸው ነው፤ ሜዲኬር ለመግባት ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። በወረቀት ላይ ስናሰላው ፓርት ዲ ለአጎቴ ብቻ በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ያተርፍላቸው ነበር። ግን ያቺን ትርፍ ለማግኘት ባለቤታቸውን ያለ መድን ማስቀረት ነው።

ማስላት ስል ወርኃዊ ክፍያን ብቻ ማነጻጸር ማለቴ አይደለም፤ ያ ብዙዎችን ያታልላል። የእያንዳንዱን መድኃኒት ስምና መጠን ጽፎ፣ በሁለቱም ወገን መሸፈኑን አረጋግጦ፣ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ከነወርኃዊ ክፍያው መደመር ያስፈልጋል። ከ2,100ው ጣሪያ የሚቆጠረው በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ ላለ መድኃኒት የተከፈለው እንጂ ወርኃዊው ክፍያ አይደለም። በ1-800-633-4227 ሲደወል አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል፤ በየስቴቱም ነጻ የሜዲኬር አማካሪዎች አሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ደግሞ ተጨማሪ የመንግሥት ድጎማ ስላለ፣ ከሁሉ አስቀድመው እሱን ቢጠይቁ ይሻላል።

ደብዳቤዋ «የአሠሪህ ሽፋን አይስተካከልም» ብትል ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። የሚስተካከል ሽፋን ሳይኖረው ለተከታታይ 63 ቀናት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው፣ በኋላ ፓርት ዲ ሲገባ ላለፈው ለእያንዳንዱ ወር፣ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው መነሻ ወርኃዊ ክፍያ 1 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። በ2026 መነሻው 38.99 ዶላር ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት የዘገየ ሰው የመነሻውን 24 በመቶ፣ ሲጠጋጋ በየወሩ 9.40 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል፤ ያውም ፓርት ዲ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ መነሻው ሲያድግ አብሮ እያደገ። ፓርት ዲ በተሻሻለ ቁጥር «ይስተካከላል» የሚባልበት ልክም ከፍ ስለሚል፣ አምና ያለፈ የአሠሪ ዕቅድ ዘንድሮ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወስን ወረቀት በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ ከቅናሽ ኩፖን ጋር ተቀላቅሎ መምጣቱ ያናድደኛል፤ የግል ዕቅድ ሻጮች ማስታወቂያ ግን በትልልቅ ቀለም ነው የሚመጣው።

የአጎቴ ደብዳቤ «ይስተካከላል» ትላለች፤ ስለዚህ ቢያንስ ባለቤታቸው 65 እስኪሞላቸው ካርዱ ጋር ይቆያሉ። ያን ጊዜ ያለ ቅጣት ለመግባት ማስረጃቸው ደብዳቤዋ ስለሆነች፣ የዜግነት ወረቀታቸውን በሚያስቀምጡበት ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ከተቷት። የአምናና የካች አምናዎቹን ደብዳቤዎች ግን ጥለዋቸው ኖሮ፣ በማግስቱ ቅጂ እንዲልኩልን ወደ ሆቴሉ ደወልን።