የቁልቢው ስለትና የጃንዋሪው ደብዳቤ

አሜሪካ ውስጥ ጃንዋሪ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የሰጣችሁት ሁሉ ተደምሮ ተጽፎበታል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከታክስ ለማስቀነስ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ሕጉ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ግን ቅር ይለዋል። «ለእግዚአብሔር የሰጡትም በደረሰኝ?»

አይፈረድበትም። እኛ በስለት ያደግን ሰዎች ነን። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የደረሰ ያውቀዋል። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ለምስጋና እንዳሠሩት የሚነገርለት ደብር ዛሬም ሰው የሚሄድበት ለምስጋና ነው። ወርቅ ይገባል፣ ዣንጥላ ይገባል፣ ምንጣፍና በግ ይገባል። መካን ስትባል ኖራ የወለደች፣ ተስፋ ከተቆረጠበት በሽታ የዳነ፣ ውጭ አገር ሥራ የቀናው፣ ሁሉም የተሳለውን ይዞ ይመጣል። አንዲት እናት የተሳለችበትን ልጅ አዝላ በግፊያው መሐል ወደ ደጁ ስትጠጋ የማያውቋት ሴቶች እልል ይሉላታል። አብረዋት የሚያለቅሱም አሉ። እንዲህ ያለ ምስጋና እዚህ አይቼ አላውቅም። እዚህ ሰው ፖስታውን ጣል አድርጎ፣ ወይም ከስልኩ ልኮ፣ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ምእመናን ዓመቱ ሳይገባ «በወር ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብለው በወረቀት ቃል ይገባሉ። ጸሎታቸው ተመለሰም አልተመለሰም ይሰጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑም የሚገባለትን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለችግረኛ የሚያድለው እህልና ጣሳ ምግብ በየሳምንቱ አይቋረጥም። ይህ ያስቀናኛል።

አብዛኞቻችን ግሪን ካርድ ሲመጣ፣ ቤት ሲገዛ፣ ልጅ በሰላም ሲወለድ እጃችን ይፈታል። ለጉልላትና ለመጋረጃ አንሰስትም። የነዳያን የወር ቀለብ ሲነሳ ግን «እስቲ እናያለን» እንላለን።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1960ዎቹ አጋማሽ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወጡ። ጊዜው የረሃብ ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። አንስተው አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመድ አዝማድ ተቃወሟቸው፤ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ልጅ ሲያሳድጉ ኖሩ። እኔ ይህን የዕድሜ ልክ ስለት እለዋለሁ።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ሠርጋቸውንና ልደታቸውን በመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ከአረጋውያኑ ጋር የሚያከብሩ ወጣቶች በርክተዋል። ደስ ይላል፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። አረጋውያኑ ግን በማግስቱም ምሳ ይበላሉ፤ ዳይፐር ይቀየርላቸዋል፤ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቁልቢ የምትወርዱ ስለታችሁን አግቡ፣ እልል በሉ፣ አልቅሱም። ስትመለሱ ደግሞ ለምታምኑት አንድ ተቋም ወይም ለአንድ ጦም አዳሪ ቤተሰብ፣ 20 ዶላርም ትሁን፣ በየወሩ በራሷ የምትሄድበትን መንገድ ከባንካችሁ ጋር ጨርሱ።